ሳፍታ በጆሮዬ ያለችኝ

እኔን ያስተኛኝ እፉኝት ነው፤ ሊገድለኝ የነበረው ግን ጥዱ ነው። ይህን ስናገር ሰው ሁሉ ዓይኑን ያጠባል። ያጥብብ። በእኛ መንደር ልጅ ላም ማለብ ሳይለምድ ዓይን ማጥበብ ይለምዳል፣ በተለይ እኔ አፌን ስከፍት።

ስሜ ኒኮዲም ነው። በመላው ሩማንያ እንደ እኔ ያለ ቀጣፊ የለም ብለው ያሙኛል። የቀጣፊነት ስሙ የወጣልኝ በአንድ የበሬ ጥላ ምክንያት ነው። በአንድ የበረዶ ወራት ብርዱ ከመጥናቱ የተነሳ የበሬዬ ጥላ የበረቱ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ቀረ፣ በመጥረቢያ ፈልፍዬ ነው ያላቀቅሁት ብዬ ለባለ አረቄ ቤቱ ለጋሽ ሚትሩ አወጋሁት። ጋሽ ሚትሩ ሳቀብኝ። በማግስቱ ግን ግድግዳውን ሊያይ መጣ። እኛ ዘንድ እንዲህ ነው፤ ማንም ምንም አያምንም፣ ግን ሁሉም ሄዶ ያያል።

ያን ዕለት የቅዱስ ኤልያስ ዋዜማ ነበር። በኤልያስ ቀን ማጭድ ወይም መጥረቢያ ያነሳ ሰው ቤቱን መብረቅ አይስተውም፤ ስለዚህ በዋዜማው መንደሩ በሙሉ ላይኛው መስክ ወጥቶ ድርቆሹን ይሰበስባል። እኔም በመንሽ እያፈስኩ ስከምር ባቴን እንደ ጋለ መርፌ የሆነ ነገር ወጋኝ። ዝቅ ብዬ ሳይ የገመድ ጫፍ የመሰለ ጭራ ድርቆሹ ስር ሲገባ አየሁ። እፉኝት ነደፈኝ ብዬ ጮህኩ።

ከጎኔ ያጭድ የነበረው ኢስፓስ ቀና እንኳ አላለም። ኢስፓስ ያላገባ ጎረምሳ፣ የመንደሩ ጎረምሶች አለቃ፣ የሳፍታም ታናሽ ወንድም ነው፤ ሳፍታ ማን እንደሆነች ደግሞ እነግራችኋለሁ። ርዝመቱ ስንት ክንድ ነው ብሎ ጠየቀኝ፣ እያጨደ። ሌሎቹ ሳቁ። አንዱማ የእፉኝቱን ከንፈር ቀባህለት ወይ አለኝ። እግሬ ከድቶኝ ድርቆሹ ላይ በግንባሬ ስደፋ እንኳ ኢስፓስ መጀመሪያ ያደረገው ነገር ገልብጦኝ እየሳቅሁ መሆን አለመሆኔን ማየት ነው። አልሳቅሁም። ያኔ ደነገጡ።

እፉኝት ለነደፈው ሰው የእኛ መድኃኒት የፕሪም አረቄ ነው፤ ግማሹ ቁስሉ ላይ፣ ግማሹ በአፍ። በሁለት እንጨት መሐል አንጠልጥለው ቁልቁል ሲያወርዱኝ ጠርሙሱን የያዘው ሰው በጭንቅላቴ በኩል ነበር፤ ስለዚህ የባቴም ድርሻ ወደ አፌ ሄደ። ከአክስቴ ከዛምፊራ ጋር የምኖርበት ቤት አስገብተው መስኮቱ ስር ያለው አልጋ ላይ ሲያጋድሙኝ እግሬ የአሳማ ጭን አክሏል፣ ጣሪያውም እንደ ወፍጮ ድንጋይ ይዞራል። ጋሽ ሚትሩ ጋሪውን ጠምዶ ሐኪሙን ሊያመጣ ወደ ታችኛው ከተማ ወረደ። ሐኪሙ ቶሎ ቢነሳ እንኳ ከነገ በፊት አይደርስም።

እስከዚህ ድረስ እንደምሞት አላሰብኩም። እውነቱን ለመናገር እባቡን እያሳደግሁት ነበር። ወፍራም ላድርገው ወይስ ቀንድ ልስጠው እያልኩ፣ ስድን ጋሽ ሚትሩ ዘንድ የማወራውን እየቀመርኩ፣ አንገቴን ወደ መስኮቱ ሳዞር ጥዱ በግቢው በር ሲገባ አየሁ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኛ ዘንድ ሳያገባ የሞተ ሰው ሳያገባ አይቀበርም። ጎረምሶቹ ከጫካ ጥድ ቆርጠው፣ በትከሻቸው ተሸክመው፣ መሬት ሳያስነኩ ያመጡለታል፤ ጥብጣብ ታስሮበት መቃብሩ ራስጌ ይተከላል። አንዲት ልጅ ደግሞ አክሊል ደፍታ ሬሳው አጠገብ እንደ ሙሽራ ትቆማለች። ለሠርግም እንደዚያው ያለ ጥድ ነው ሙሽራው ደጅ የሚቆመው፤ ጥዱ ራሱ አያዳላም። አንድ ሕግ ብቻ አለ። ሰውዬው ትንፋሹ ሳይወጣ ጥድ አይቆረጥም።

እና ኢስፓስና ጓደኞቹ፣ ኮፍያቸውን አውልቀው፣ ላባቸው እየተንጠባጠበ፣ ያን የሚያህል አረንጓዴ ጥድ ተሸክመው ግቢያችን ገቡ። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። አንዷ ጥብጣብ ይዛ ወጣች። እኔ ደረቴን ዳሰስኩ፤ ይመታል። ግን ጥዱ መጥቷል። ሐኪም ሊሳሳት ይችላል፣ ቄስ ሊሳሳት ይችላል፤ ጥድ ተሳስቶ መጥቶ አያውቅም። ሁሉም የሚያውቀውን እኔ ብቻ አልሰማሁም ማለት ነው ብዬ ደመደምኩ፣ ወዲያውም ጣቶቼ በረዱኝ።

ኋላ እንደተረዳሁት ነገሩ ወዲህ ነው። መስክ ላይ ቆመው ፀሐይዋን አይተው ተማከሩ። ነገ ኤልያስ ነው፣ መጥረቢያ አይነሳም። ኒኮዲም ነገ ቢሞት ያለ ጥድ ሊቀር ነው፤ ከነገ ወዲያ ይቆረጥለት ቢባል ደግሞ በዚህ ሙቀት ሬሳ አይጠብቅም። አረፋ ደፍቋል የሚል ሰውም አልጠፋም፤ አረፋው የአረቄ ነበር። ኢስፓስ ታዲያ እኛ የእኛን ድርሻ እንጨርስ፣ እሱ የሱን አያጣውም ብሎ መጥረቢያውን አነሳ። ለእኔው አስበው ነው፤ አልወቅሳቸውም።

አክስቴ ጧፍ አብርታ መጣች። የሚሞት ሰው በጨለማ እንዳይሄድ ጧፍ ይይዛል፣ ጧፍ የያዘ ሰው ደግሞ አይዋሽም ይባላል። አክስቴ ግን ጧፉን እጄ ውስጥ ካደረገች በኋላም ቀጥ አድርገህ ያዝ እያለች በጎን ታየኝ ነበር። ከዚያ ጆሮዬ አጠገብ ጎንበስ ብላ ማን ትቁምልህ አለችኝ። የጎረቤታችንን ልጅ አስባልኛለች፤ ለቅሶ ስለምታውቅበት፣ እንባዋም ቅርብ ስለሆነ።

«ሳፍታ ትቁምልኝ» አልኳት።

አክስቴ ዓይኗን አጠበበች። የትኛዋ ሳፍታ አለች፣ በመንደራችን ሌላ ሳፍታ ያለች ይመስል።

ሳፍታ ከወንዙ ዳር ባና፣ ያን ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ፣ የምታጥብ ናት። ውሃው ከላይ በእንጨት አሸንዳ እየተወረወረ አንድ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ይወድቅና ይሽከረከራል፤ ባናው እዚያ አዙሪት ውስጥ ሲንገላታ ውሎ ወፍሮና ለስልሶ ይወጣል። አባቷ ሲሞት ጉድጓዱን ለሷ፣ ማጭዱን ለኢስፓስ ተወ። ከጎረምሶቹ ያልጠየቃት የለም፣ እሷ ደግሞ ያላባረረችው የለም። ሰው ሲያሞግሳት ከኋላው ማን እንደቆመ ዞር ብላ የምታይ ሴት ናት። እኔ ጠይቄያት አላውቅም። ብጠይቃት ቀልድ ነው ትላለች፣ ቀልድ ከተባለ ደግሞ ዳግመኛ አይጠየቅም። ስለዚህ ባናዬን እያመላለስኩ እኖር ነበር።

መጣች። እጅጌዋ እስከ ክንዷ እርጥብ ነው። ቤቱን የሞሉት ሴቶች መንገድ ለቀቁላት፣ እሷ ግን በሩ ላይ ቆማ መጀመሪያ ፊቴን፣ ቀጥሎ እግሬን፣ ቀጥሎ መሬት ላይ ያለውን ባዶ ጠርሙስ አየች። ከዚያ ተጠግታ ያበጠውን ባቴን በአውራ ጣቷ ጫን አደረገችው። ጮህኩ።

«ያመዋል፤ እሱስ እውነት ነው» አለች ለአክስቴ።

እኔ ጧፉን እንደምንም ቀጥ አደረግሁ። በሕይወቴ ሙሉ ወሬ አጥሮኝ አያውቅም፤ ያኔ ግን ምላሴ የሌላ ሰው ምላስ መሰለኝ።

«ሳፍታ፣ ለሬሳዬ ብዬ አይደለም ያስጠራሁሽ» አልኳት። «በቁሜም አንቺኑ ነበር የምፈልገው። ያ ባና ቆሽሾ አያውቅም። አንቺ ዘንድ ለመምጣት ብዬ ጫፉን ፍግ እየቀባሁ ነው የማመጣው።»

«እሱንማ አውቃለሁ። አንድ ጫፉ ብቻ የሚቆሽሽ ባና የት አለ?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ልትስቅብኝ መስሎኝ ነዋ። ወደድኳት ብለህ እኔ ስሽኮረመም ለነሚትሩ ልታወራው። አሁንስ እየሳቅህብኝ አለመሆኑን በምን አውቃለሁ?»

«ጥዱን አላየሽውም?»

ዞር ብላ በመስኮቱ አየች። ጥዱ አጥሩን ተደግፎ ቆሟል፣ ወንድሟ ከሥሩ ቁጭ ብሎ ላቡን ይጠርጋል። ኢስፓስ ለቀልድ ብሎ እንኳን ተራራ ደረጃም የማይወጣ ሰው መሆኑን ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም። መልሳ ስትዞር ፊቷ ሌላ ሆኖ ነበር። ጎንበስ አለች። እርጥብ እጅጌዋ አንገቴን ነካው፣ ከንፈሯ ጆሮዬን ነካው፣ አንድ ነገር አለችኝ። አጭር ነገር ነው። ቤቱ ሙሉ ሴት አየ፤ አንዲትም አልሰማችም፤ ዕድሜ ልካቸውን አንገታቸው አጥሮ የማያውቅ ሁሉ ያን ጊዜ አጠረባቸው። ከዚያ ቀና ብላ እቆምለታለሁ፣ አክሊሉን አምጡ አለችና ዓይኗን በእርጥብ እጅጌዋ እየጠረገች ወጣች።

እኔ ለመሞት ተዘጋጀሁ። እንደዚያ ደስ ብሎት የተዘጋጀ ሰው ያለ አይመስለኝም። ጧፉን ይዤ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ጠዋት እርቦኝ ነቃሁ።

ሐኪሙ መጣ። እግሬን አገላበጠ፣ ምላሴን አየ፣ አፌን አሸተተና ጭንቅላቱን ነቀነቀ። እፉኝቱ ነድፎታል፣ ግን ጥርሱን እንጂ መርዙን ብዙም አላስገባበትም፤ ይህን ሰው የመረዘው ፕሪም ነው ብሎ አንድ ሳህን የበቆሎ ገንፎ በአይብ እንዲሰጡኝ አዝዞ ሄደ። እዚያው የነበሩት ሴቶች አንዲትም እንኳን ለዚህ አበቃህ አላለችኝም። ለነፍሴ የተቀቀለው የስንዴ ንፍሮ በማርና በለውዝ ተሸልሞ ዝግጁ ነበር፤ ቢጣል ነውር ነው። ደጃፌ ላይ ተቀምጠው፣ አንድ ቃል ሳይናገሩ፣ ፊት ለፊት እያዩኝ፣ ንፍሮዬን በሉት።

ከዚያ ጥርጣሬው ጀመረ። መጀመሪያ እፉኝቱ አልነበረም ተባለ። ሁለት ቀዳዳ ባቴ ላይ አለ ብዬ ሳሳይ አንዱ ሽማግሌ መንሽም ጥርስ አለው አለኝ። ቀጥሎ ሁሉንም አስቤበት ነው ተባለ፤ የኤልያስን ዋዜማ የመረጥኩት ጥድ ቀድሞ እንዲቆረጥ፣ ጥዱን ያስቆረጥኩት ሳፍታ እንድታምን። ይህን ያህል ብልጥ ብሆን ኖሮ አንድ በሬ ብቻ ይዤ እኖር ነበር ወይ? የሚሰማኝ የለም። ጥዱም አለ። ለሟች የተቆረጠ ጥድ አይነደድም፣ ለጣራ አይሆንም፣ ወደ ጫካ አይመለስም። ወይ መቃብር ወይ ሠርግ ያየዋል እንጂ ባዶውን ቢደርቅ በመንደሩ ላይ ሌላ ሞት ይጠራል ይላሉ። ስለዚህ አጥሬን ተደግፎ ቆመ፣ አክስቴ ማታ ማታ ግንዱን ውሃ ታጠጣዋለች፤ የሚያልፍ የሚያገድመው መጀመሪያ ጥዱን፣ ከዚያ እኔን ያያል። አንድ ቀን ኢስፓስ በሩ ላይ ቆሞ ትከሻውን አሳየኝ፤ ተልጧል።

«ስማ ኒኮዲም፣ የጥዱ መርፌ ቅጠል መርገፍ ጀምሯል» አለኝ። «ወይ ሙት፣ ወይ አግባ። እኔ ሁለተኛ ጥድ አልሸከምም።»

ማን ታገባኛለች አልኩት። ትከሻውን ሸፈነና ከእህቱ መልእክት እንደያዘ ነገረኝ። በጆሮው ካልኩት አንዲት ቃል ቢያወጣ አዙሪቱ ውስጥ ከባና ጋር ጨምሬው እስኪለሰልስ አላወጣውም ብላለች። ኢስፓስ መልእክቱን ከጨረሰ በኋላ ግን አልሄደም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ለመሆኑ ምንድን ነው ያለችህ አለኝ።

እኔም ብሆን ከጥርጣሬ አላመለጥኩም። ተጋድሜ አስበዋለሁ። ያለችኝን አልረሳሁትም፣ አልተምታታብኝምም። የሚበላኝ ሌላ ነው። ለሚሞት ሰው ምን የማይባል ነገር አለ? አክስቴ ዛምፊራ ለሟች ጎረቤቷ በቅሎህን አንሸጥም ብላ ምላ፣ ተዝካሩ ሳይወጣ ያሻሻጠችው ራሷ ናት። ሳፍታም አዝናልኝ ይሆናል። ከዚህ የሚብሰው ሁለተኛው ነው። የሆዷን የነገረችኝ ይዤው እንድቀበር ከሆነስ? ለሟች የተነገረ ነገር ድንጋይ ስር ነው። እኔ ደግሞ ድንጋዩን ገፍቼ ወጣሁባት፤ ከመንደሩ ምላስ ሁሉ ረጅሙን ይዤ።

ማንከስ ስጀምር ጋሽ ሚትሩ አረቄ ቤት ሄድኩ። ጋሽ ሚትሩ ሳልጠይቀው ቀዳልኝ፤ ይህን ሰው ሳይጠየቅ ሲቀዳ አይቼው አላውቅም። ወንበር ተሳበልኝ። አንዱ ትራሴን አስተካክሎ የማያውቅ ሰው እግሬን ወንበር ላይ ሰቀለልኝ። ማንም ምንም አልጠየቀኝም፤ ሁሉም ጠበቀ። ነገሩ ምላሴ ላይ እንደ ትኩስ ድንች ተቀምጧል። እኔን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ዝም ማለት አልተፈጠረልኝም፤ ዝም ብል ደግሞ ፊቴ ይናገራል። ብናገር ሳፍታ ሄደች። ዝም ብል፣ ቀይ ፊቴን አይተው ራሳቸው ይደርሱበታል። ሦስተኛ መንገድ ፈለግሁና አገኘሁት፤ ዕድሜ ልኬን የሄድኩበት መንገድ ነው።

ጋሽ ሚትሩን ወደ ጆሮው ጠጋ ብዬ፣ በማንም እንዳትተነፍስ አልኩት። አያቷ በጦርነቱ ጊዜ የቤተ ክርስቲያኑን ትንሿን ደወል ከባና ማጠቢያው አጠገብ እንደቀበሯት ነው የነገረችኝ፤ ወዲያኛው ዓለም ስደርስ በትክክል ከየትኛው ድንጋይ ስር እንደሆነ ጠይቄ በሕልም እንድነግራት። ጋሽ ሚትሩ ፈጽሞ አላመነኝም። ያን ቀን ግን አረቄ ቤቱን በጊዜ ዘጋ።

ለአክስቴ ጓደኛ ለዳቦ ጋጋሪዋ፣ የሷን ዳቦ ለተዝካሬ እንዳያቀርቡ ሳፍታ እንደለመነችኝ ነገርኳት። ለቄሱ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ መዋሸት ስላልደፈርኩ ከአጥሩ ውጭ እስኪወጡ ጠብቄ፣ አባቷን እዚያ ሳገኘው የማጭዱን መሳያ ድንጋይ የት እንዳኖረው እንድጠይቅላት ነው አልኳቸው። ቄሱ ይህች ደግ ልጅ ናት ብለው ሄዱ። ለኢስፓስ፣ ወንድሜ ሲያንኮራፋ አዙሪቱ ወደ ኋላ ይዞራልና እባክህ ለቅዱሳን ንገርልኝ እንዳለች አወጋሁት። ኢስፓስ ፊቱ ጠቁሮ ወደ ቤቱ ሄደ፤ ከእህቱ ጋር እንደተጣሉ በማግስቱ ሰማሁ። ለጠየቀኝ ሁሉ አንድ አንድ ሰጠሁ። ለማንም ደግሜ አልሰጠሁም። እያንዳንዱም እኔ ብቻ ነኝ እውነተኛውን የያዝኩ ብሎ በልቡ እየደሰተ፣ ሌላው ሲያወራ አንተን አታልሎሃል በሚል ዓይን ያየዋል። እንደዚያ ወር በመንደሩ ዓይን ጠቦ አያውቅም።

ሳፍታ ዘንድ ሲደርስ ግን ሌላ መልክ ያዘ። ጠዋት ስትወርድ ጋሽ ሚትሩን ጉድጓዷ ዳር በአካፋ ሲቆፍር አገኘችው። ምን ታደርጋለህ ብትለው ለዓሣ ትል ነው አላት፤ ጉድጓዱ እስከ ወገቡ ይደርስ ነበር። ከሰዓት በኋላ ዳቦ ጋጋሪዋ መንገድ ላይ አግኝታት ምራቋን ተፋች። ማታ ወንድሟ ከበረቱ ጋር እተኛለሁ ብሎ ወጣ። ሳፍታ የማይሰድባትን ሰው አጣች። ሁሉም ካንደበትሽ ወጣ ይሏታል፣ ማን ነገራችሁ ስትል ሁሉም መንገዱን ይቀጥላል። ቢጨንቃት ሰው ላከችብኝ፤ ባናህን ይዘህ ና ብላ።

ባናዬን ትከሻዬ ላይ ጥዬ ሁለት ጊዜ እየቆምኩ ወረድኩ፤ መርዙ ነው ብዬ ለራሴ ዋሸሁ። አሸንዳው ይጮኻል፣ አዙሪቱ የሰው ባና እያንገላታ ይዞራል። ሳፍታ በረጅም እንጨት ባናውን እየገፋች ጀርባዋን ሰጥታኛለች። ከወንዙ ማዶ ከቁጥቋጦው ጀርባ ቀይ ሻሽ አየሁ፣ አጠገቡም የጋሽ ሚትሩን ኮፍያ። ሌላም ቅጠል ይነቃነቃል፣ ንፋስ ሳይኖር።

«ምን አውርተህ ነው ሰው የሚቆፍርብኝ?» አለች፣ ሳትዞር።

ደወል አልኳት። ዳቦውስ አለች። ነገርኳት። መሳያ ድንጋዩንም፣ ማንኮራፋቱንም ነገርኳት። የእያንዳንዱን ስም ጠራች፣ ለእያንዳንዱ የሰጠሁትን አልኳት። እንጨቷን አቆመች። ከዚያ ዞራ አየችኝ፣ ያኔ በሩ ላይ ቆማ እንዳየችኝ ዓይነት አስተያየት።

«እኔ የነገርኩት ለሟች ነው» አለች። «ለአንተ አይደለም። በቁምህ ቢሆን አንተን ከምነግር በቤተ ክርስቲያኑ ደወል ባስጮኸው ይሻለኝ ነበር። ኋላ ተነስተህ ገንፎ በላህ ሲሉኝ ምን እንደተሰማኝ ታውቃለህ? ሳይታጠብ እንደተሰረቀ ልብስ ነው የሆንኩት።»

አዝነሽልኝ ነው ወይ ያልሽው ብዬ ልጠይቃት አፌን ከፈትኩ፤ እሷ ቀደመችኝ።

«አሁን ንገረኝ። ምን ነበር ያልኩህ?»

ውሃው ይጮኻል፣ ግን እኛም ከውሃው በላይ እየጮኽን ነው የምናወራው። ማዶ ያለው ቁጥቋጦ ትንፋሹን ዋጠ። ከጥዱም የባሰ ጉድ እዚያ ላይ ነው የገጠመኝ። እውነቱን ብናገር ቃሏ ዛሬ ማታ ሚትሩ ቤት ይቀዳል። ብዋሽ ደግሞ፣ ይህ ሰው ሰክሮ ነበር፣ እኔ ነፍሴን አውጥቼ ስነግረው እሱ አልሰማኝም ትል ይሆናል፤ ወይም የኔንም ነገር ከበሬው ጥላ ጋር ደባለቀው ትል ይሆናል። ወይ ደግሞ ይህ ራሱ ወጥመድ ነው። ፊቷን አየሁት፤ ፊቷ ምንም አይናገርም።

«አፍህ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላልና እግዜር ፊት ስትቀርብ ከመናገርህ በፊት እጅህን አፍህ ላይ አድርግ ነው ያልሽኝ» አልኳት።

አየችኝ። እኔም አየኋት። ባናው አዙሪቱ ውስጥ ዞረ፣ ሰጠመ፣ ተነሳ። ከንፈሯ ጥግ ላይ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ፣ ግን ወዲያው ዋጠችው።

«አዎ» አለች። «ልክ እንደዚያ ነው ያልኩህ።» ከዚያ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ወደ ቁጥቋጦው፦ «ሽንኩርት ነው ያልኩት። እናንተም ሰማችሁ አይደል? በሉ አሁን ጉድጓዱን መልሳችሁ ድፈኑልኝ።»

ቀዩ ሻሽ ቁጢጥ አለ። የጋሽ ሚትሩ ኮፍያ ወደቀች፣ ወንዙም ይዟት ሄደ።

ሳፍታ ባናዬን ከትከሻዬ ላይ ወሰደች። ወደ አዙሪቱ አልጨመረችውም፤ አጥፋ ድንጋይ ላይ አስቀመጠችውና ተቀመጥ አለችኝ። ተቀመጥኩ። አጠገቤ ተቀመጠች። ለመጠየቅ የፈለግሁትን ሳልጠይቃት፣ ዓይኗን ውሃው ላይ እንዳደረገች፣ ከንፈሯ እምብዛም ሳይንቀሳቀስ፣ ያን አጭር ነገር ዳግመኛ አለችኝ። ማንም እየሞተ አልነበረም። እኔም በዚህኛው ጊዜ ምንም አረቄ አልጠጣሁም።

ጥዱ ለሠርጋችን ደጃችን ከቆመ ወዲህ እስካሁን ድረስ እሷን የሚጠይቁ አሉ፤ በተለይ ሴቶቹ፣ በሠርግ ላይ፣ ሞቅ ሲላቸው። አንቺ ሳፍታ፣ ያን ቀን በጆሮው ምን አልሽው ይሏታል። እኔ አፌን ሳልከፍት ሽንኩርት ትላለች፣ ያውም እያዘነች፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ሽታው ዛሬም እንዳልለቀቃት ሁሉ አፍንጫዋን ይዛ። ሰዎቹ ወደ እኔ ዞረው እውነት ነው ወይ ይሉኛል። ምን እላለሁ? እንዲህ ያለች ቀጣፊ በመላው ሩማንያ የለችም፤ እኔ ዘንድ ነው የምታድረው።